ወሎን በእግር ለመዞር፦ ሃሞክ ወይስ ድንኳን?

የኮምቦልቻው መንገደኛ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወሎን በእግር ልንዞር አስበናል። መጀመሪያ የጎፍ ተራራ። ከዚያ ሐይቅና አርዲቦ። ጊዜና ጉልበት ከተረፈን ላሊበላ ሄደን አቡነ ዮሴፍን እንወጣለን። በቅሎ አንከራይም፤ ሁሉንም በጀርባችን ነው የምንሸከመው።

ጥያቄዬ ማደሪያው ላይ ነው። የአንድ ሰው ድንኳን ልገዛ ስል አንዱ ጓደኛዬ «ሃሞክ ግዛ፣ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ፣ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ዛፍና ዛፍ ላይ ታስረዋለህ፣ በቃ» አለኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ወሎ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ካገኘህ የሰው ማሳ ነው። ግን ብርዱስ? ዛፍ የሌለበት ቦታ ላይ ቢመሽብንስ? ሁለቱንም የመግዛት አቅም የለኝም። የሞከራችሁት ንገሩኝ።

የጦሳ ልጅ፦

ወንድሜ፣ መልሱ እንደ ከፍታው ይለያያል። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በሃሞክም በድንኳንም አድሬያለሁ።

ከታች እንጀምር። የጎፍ ጥድና ወይራ ያለበት ደን ነው፤ ተዳፋቱ ግን ድንኳን አያስተክልም። ድንኳን ቢያንስ የቁመትህን ያህል ለጥ ያለ፣ ድንጋይና ሥር የሌለበት መሬት ይፈልጋል። ዘመም ያለ ቦታ ላይ ከተከልከው ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግርጌ ስትንሸራተት ታድራለህ። ሃሞክ መሬቱን አይጠይቅም። ጠንካራ ዛፎች ከአራት እስከ አምስት ሜትር ተራርቀው ከቆሙ አልጋህ ተነጠፈ ማለት ነው። ከሥርህ ገደላገደል ቢሆንም ግድ የለም፤ ሌሊት ስትወርድ የምትረግጠው ብቻ ይኑርህ። ለወሎ ወገብ፣ ማለትም ከቆላው ወደ ደጋው ለሚወጣው ዳገት ሁሉ፣ ከሃሞክ የተሻለ አላየሁም።

አሁን ብርዱ። ጓደኛህ ግማሽ ኪሎ ያለህ ጨርቁን ብቻ ነው። በላዩ የዝናብ ሸራ፣ የዛፍ ማሰሪያ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ መረብና ከሥር የሚሞቅ ነገር ስትጨምር ሁለት ኪሎ ይገባል። ይሄ የቀላል ድንኳን ክብደት ነው። ስለዚህ «ይቀላል» ብለህ አትግዛ። የምትገዛው ተዳፋት ላይ ስለሚያስተኛህ ነው።

ከሥር የሚሞቅ ነገር ያልኩትን አትናቀው። ስሊፒንግ ባግ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ስትተኛበት ከጀርባህ ሥር ያለው ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል። መሬት ላይ ከሆንክ ፍራሹ ይተካዋል። ሃሞክ ላይ ግን ከሥርህ ነፋስ ነው የሚያልፈው። ሌሊቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ጀምሮ ወገብህን ይሰማሃል። 10 ዲግሪ ላይ ያለ መከላከያ እንቅልፍ የለም።

ከፍታውን ደግሞ አስላ። 1000 ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት። አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር ይበልጣል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ መጣ። ኮምቦልቻ ሌሊቱን 12 ዲግሪ ካደረች ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 3 ነው። ነፋሱን ሳንቆጥር።

ደግሞ እዚያ ላይ ማሰሪያ የለም። አስታ የሚባለው ዛፍ እያጠረ ሄዶ ያልቃል። ከዚያ በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ ነው። ጅብራ ከሩቅ ዛፍ ይመስላል፤ ግንዱ ግን ሰው አይሸከምም። ብዙ ዓመት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ስለሆነ ባይነካ ይሻላል።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይሄ ነው። አቅምህ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ ሸራ ግዛ። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ቀላል፣ ውሃ የማያስገባ። ዛፍ ያለበት ከሃሞኩ በላይ ትዘረጋዋለህ። ዛፍ የሌለበት በዱላ አቁመህ መሬት ላይ ትተኛበታለህ። ሃሞኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ደላንታ ሜዳው፦

የጦሳ ልጅ የተናገረውን አከብራለሁ። ግን ወሎ ማለት የጎፍ ብቻ አይደለም። ደላንታን፣ ወረኢሉን፣ መቄትን አስቡ። አምባው ላይ ስትወጣ እስከ ዓይንህ ማየት የሚችለው ገብስና ስንዴ ነው። ያለው ዛፍ ባህር ዛፍ ነው፤ እሱም ተተክሎ፣ ተቆጥሮ፣ ባለቤት ያለው። አርሶ አደሩ ለቤት ማገር፣ ለልጁ ትምህርት ቤት ወጪ ያስቀመጠው ሀብት ነው። ሳትጠይቅ ገመድ ጠምጥመህበት ብታድር ጠዋት የምትሰማው ሰላምታ አይሆንም። ቀጭኑ ባህር ዛፍ ደግሞ ይጎብጣል፤ ስትተኛ ሁለቱም ወደ አንተ ይመጣሉ።

ሃሞክ ለኔ የሞቃት አገር ዕቃ ነው። አውሮፓውያን መጀመሪያ ያዩት በ1492 እ.ኤ.አ. ኮሎምበስ ካሪቢያን ሲደርስ ነው። እዚያ ከሥር የሚገባው ነፋስ በረከት ነው። መሬቱ እርጥብ፣ ነፍሳቱ ብዙ፣ ሌሊቱ ሙቅ። ደላንታ ላይ በኅዳር ያ ነፋስ አጥንት ይሰብራል።

ሌላው የቁጥር ነገር። ሦስት ናችሁ። ሦስት ኪሎ የሚመዝን የሦስት ሰው ድንኳን ብትይዙ ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ነው የሚደርሰው። አንዱ ጨርቁን፣ አንዱ ምሰሶውን፣ አንዱ ሽፋኑንና ካስማውን። ሦስት ሃሞክ ከነሙሉ ዕቃው ስድስት ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስት ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ ሲተኛ እርስ በርስ ይሞቃል። ስድስት ዛፍ ከመፈለግ አንድ ደረቅ ቦታ መፈለግ ይቀላል።

ጅብስ? ስለሱ ማንም አላነሳም።

የሐይቅ ዳሯ፦

ስለ ጅብ ልናገር፤ የምኖረው ሐይቅ ነው፣ ሌሊት ድምፁን ለምደነዋል። የድንኳን ጨርቅም ጅብ አያቆምም፤ ከዓይን ይጋርዳል እንጂ። የሚጠብቅህ የምታድርበት ቦታ ነው። ከተማ ዳር፣ ቆሻሻ የሚጣልበትና ቄራ አካባቢ ሜዳ ላይ አትደሩ፣ በሃሞክም በድንኳንም። ሰው ቤት አጠገብ እደሩ። ውሻ ያለበት ግቢ ካለ ደግሞ ምን ትፈልጋላችሁ። ምግብ አጠገባችሁ አታስቀምጡ። ሥጋና ቅቤ የነካ ዕቃ ራቅ አድርጋችሁ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉ።

ደግሞ እኛ አገር «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው ማንም ደጅ አያሳድርም። እስላሙም ክርስቲያኑም። ቤት ግቡ ትባላላችሁ። እኔ ሦስት ወጣቶች ግቢዬ መጥተው ዛፍ ላይ እንደር ቢሉኝ አዝናለሁ። እና ስትጠይቁ «ቤታችሁን ንቀን ሳይሆን ውጭ ማደር ለምደን ነው» በሉ፤ ቡናውንም ጠጡ። ባለቤቱ እሺ ካላችሁ በኋላ ሌሊቱን እሱም ጆሮውን ጥሎላችሁ ነው የሚያድረው።

ስለ ሐይቁ። ወደ 2000 ሜትር ግድም ነው። ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ አይጨክንም፤ ለሃሞክ የሚሆን ነው። ግን ትንኝ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ክረምቱ የተወው ውሃ ገና ያልደረቀበት ጊዜ ስለሆነ ወባ የሚበረታው ያኔ ነው። ከላይ መረብ አድርጋችሁ ከሥር ከረሳችሁት ዋጋ የለውም። የሃሞክ ጨርቅ ጀርባችሁ ላይ ተወጥሮ ስለሚለጠፍ ትንኟ ከሥር በጨርቁ ውስጥ ትናደፋለች። ወይ ሙሉ በሙሉ የሚከብብ መረብ ያዙ፣ ወይ ከጀርባችሁ ፍራሽ ይኑር። ፍራሹ ለብርዱም ለትንኟም ይሆናል።

ሌላ፣ ሃሞኩን ግራር ላይ አትሰሩ። እሾሁ ጨርቁን ይቀደዋል፤ ወድቆ መሬት ላይ ያለውም ጫማ ያልፋል። ቁልቋል አጠገብም አትሁኑ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው።

የኮምቦልቻው መንገደኛ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እህቴ፣ የፍራሹ ነገር ገብቶኛል። ግን የሚነፋ ፍራሽ ሃሞክ ላይ ይንሸራተታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሃሞክ ተብሎ የተሠራው የታች ብርድ ልብስ ደግሞ እኛ አገር የት ይገኛል? ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ጋቢ ባነጥፍስ?

የሐይቅ ዳሯ፦

ጋቢ ለላይ ይሁንልህ። ጥጥ ነው፤ ጤዛ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እስኪደርቅም ግማሽ ቀን ይፈጃል። የበግ ጠጉር ይሻላል። ወንድሜ ያደረገውን ልንገርህ። ባና ወስዶ አራቱ ጫፍ ላይ ገመድ ሰፋበት። ከሃሞኩ በታች፣ ከውጭ በኩል፣ ጨርቁን ነካ እንዲያደርግ አድርጎ አሰረው። ከላይ ተኝተህበት ስላልተጨፈለቀ አየሩን እንደያዘ ያድራል። ቢረጥብም እንደ ጥጥ አይከዳህም። ክፉነቱ ክብደቱ ነው። ላልቶ ከነፋስ ጋር እንዳይርቅ ሁለቱን ዳር በላስቲክ ሳብ ማድረግ ነው፤ በጨርቁና በባናው መካከል ነፋስ ከገባ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው።

የጦሳ ልጅ፦

የእህታችን ብልሃት ግሩም ነው፣ እኔም እሞክረዋለሁ። ክብደት ለሚፈራ ደግሞ የተዘጋ አረፋ ፍራሽ፣ ያ ተጠቅልሎ ከቦርሳ ውጭ የሚታሰረው፣ ርካሽ ነው፤ አይተነፍስም፣ አይቀደድም። እንዳይንሸራተት ሁለት ድርብ ጨርቅ ያለው ሃሞክ ግዛና በድርቡ መካከል አስገባው። ትከሻህ ጋ ጠበብ ስለሚል በጎን በኩል ቁራጭ ጨምርበት። ትከሻ ነው መጀመሪያ የሚበርደው። ዛፍ የሌለበት ስትደርስ ያው ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል።

ደላንታ ሜዳው፣ አምባው ላይ ስላልከው ተስማምተናል። እኔም እዚያ ሃሞክ ይዘህ ውጣ አላልኩም።

ሂሳብ ወዳዱ፦

አስተሳሰሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሃሞክን አጥብቆ ይወጥራል፣ እንዲስተካከልለት። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎኖቹ ወደ ላይ መጥተው ትከሻህን ይጨብጡሃል። ሁለተኛ፣ በማሰሪያው ላይ የሚመጣው ኃይል ያድጋል።

70 ኪሎ የምትመዝን ከሆነ፣ ማሰሪያው ከአግድሙ መስመር 30 ዲግሪ ሲወርድ በእያንዳንዱ በኩል የሚመጣው ጭነት 70 ኪሎ ነው። 15 ዲግሪ ስታደርገው 135 ኪሎ ይሆናል። 10 ዲግሪ ላይ 200 ኪሎ ያልፋል። ክብደትህ ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዘኑ ብቻ ነው። ገመድ የሚበጠሰውና ቀጭን ዛፍ የሚጎብጠው እዚህ ላይ ነው።

30 ዲግሪውን በእጅህ ትለካዋለህ። ማሰሪያው ጎን ቁም። ሌባ ጣትህን ወደ ሃሞኩ አቅጣጫ አግድም ጠቁም። አውራ ጣትህን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አቁም። ከአውራ ጣትህ ጫፍ ወደ ሌባ ጣትህ ጫፍ በዓይንህ መስመር ሳል። ማሰሪያው በዚያ መስመር ከወረደ ደህና ነው። ዛፉ ላይ የምታስረው በራስህ ቁመት ግድም ይሆናል። ስትቀመጥበት ደግሞ የወንበር ከፍታ፣ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ይሁን። ከዚያ በላይ አትስቀለው። ብትወድቅ የምትወድቀው ከወንበር ያህል ነው።

ርዝመቱንም እይ። ገበያ ላይ ያሉት አጫጭሮቹ ለመቀመጫ እንጂ ለማደሪያ አይሆኑም። ለመካከለኛ ቁመት 3 ሜትር ከ30 ፈልግ። የተኛህ ጊዜ በመሃሉ ቀጥ ብለህ አትተኛ። ጭንቅላትህን ትንሽ ወደ ግራ፣ እግርህን ወደ ቀኝ አድርገህ በሰያፍ ተኛ። በመሃሉ ከተኛህ የረገበ ጠፍር አልጋ ላይ እንደማደር ነው፤ ጀርባህ ይጎብጣል። በሰያፍ ግን ጨርቁ ተዘርግቶ ለጥ ይልልሃል። ከጉልበትህ ሥር ልብስ ጠቅልለህ አድርግ፣ አለበለዚያ ጠዋት ጉልበትህን ያምሃል። በጎናቸው ለሚተኙም ይሆናል። በሆዱ ለሚተኛ ሰው ግን ሃሞክ አልመክርም፤ ድንኳን ይያዝ።

የየጎፍ አዛውንት፦

ልጆቼ፣ እናንተ የምትሉትን የሃሞክ ነገር እኔ ብዙም አላውቀው። ዛፍ ግን አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደን ውስጥ ነው።

ከማሰራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ሂዱ፣ ሌላ ፈልጉ። ነፋስ በሌለበት ሌሊትም ይወድቃል። ባህር ዛፍ በዚህ አይታመንም። ግንዱን በመዳፋችሁ ምቱት፤ የባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ በምስጥ ተበልቷል። ሥሩ ጋ አፈሩ የተሰነጠቀ ወይም ጎርፍ የበላው ከሆነ አትመኑት። በሁለት እጃችሁ ጣቶች ተጨብጦ የሚሞላ ቀጭን ዛፍ ተውት፤ ከዚያ የወፈረ ይሁን። ጥድ ጥሩ ነው። ወይራ ከሁሉም ይበልጣል፤ እንጨቱ ብረት ነው።

የቃጫ ገመድ አትጠቀሙ። በሰው ክብደት ሲሳብ ልጡን ይበጣዋል። ልጡ ዙሪያውን የተበጣ ዛፍ ምግቡ ከላይ ወደ ሥሩ አይወርድለትም፤ ቆሞ ይደርቃል። ሰፊ ጠፍጣፋ ማሰሪያ አድርጉ፣ ቢያንስ ሁለት ጣት ስፋት ያለው። ከሥሩ ደረቅ እንጨት ቢጤ ብትሸጉጡለት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። የጎፍ ጥድ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። አንድ ጥድ እስኪደርስ አንድ ሰው ያረጃል።

ሌላው፣ የአድባር ዛፍ እወቁ። ብቻውን የቆመ ትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ ካያችሁ፣ ሽማግሌ የሚያስታርቅበት ወይም ዱዓ የሚደረግበት ሊሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ደንም እንዲሁ። እዚያ ላይ አትንጠልጠሉ፤ ጥላው ሥር አረፍ ብላችሁ እለፉ። ጫካው ውስጥ ደግሞ ጥበቃ አለ። መጀመሪያ ለሚመለከተው ተናገሩ፣ እሳት አታንድዱ። ጥቅምት ላይ ሣሩ መድረቅ ይጀምራል፤ አንድ ፍም ይበቃዋል።

የኮምቦልቻው መንገደኛ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ይሄን ከየትም አላገኝም ነበር። እሳቱን እንተዋለን፤ ቡናችንን በትንሿ የጋዝ ምድጃ እናፈላለን፣ እሷንም ከጫካው ወጥተን። ማሰሪያ ግን ምን ዓይነት ልግዛ? ሱቅ ያየሁት የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ነው።

ሂሳብ ወዳዱ፦

ቀበቶው ፖሊስተር ከሆነ ግዛ፣ ብረቱን ፈተህ ተወው፣ ይከብዳል። ናይለን ከሆነ ተወው። ናይለን በክብደት ይለጠጣል፤ ሲረጥብ ይብሳል። ማታ የወንበር ከፍታ ላይ ተኝተህ ሌሊት ጀርባህ መሬት ይነካል። በእያንዳንዱ በኩል ሦስት ሜትር ይበቃል።

ደላንታ ሜዳው፦

ዝናብ ከመጣስ? ጥቅምት ነው ብላችሁ አትተማመኑ፣ ተራራ ነው። በልግ ላይ፣ የካቲትና መጋቢት፣ የምትወጡ ከሆነማ ዝናብ ጠብቁ።

የጦሳ ልጅ፦

እውነት ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ግንዱን ተከትሎ ይወርድና ማሰሪያውን ይዞ ወደ ሃሞኩ ይመጣል። ሸራው ደረቅ ሆኖ አንተ ትረጥባለህ። መድኃኒቱ አንዲት ክር ናት። ማሰሪያው ላይ፣ ሸራው ከሚያልቅበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የስንዝር ያህል የጥጥ ክር አስረህ ወደ ታች ልቀቃት። ውሃው ክሯን ይዞ መሬት ይንጠባጠባል። በሁለቱም በኩል አድርግ። ሸራውን ደግሞ ከሃሞኩ በፊት ዘርጋ፤ በዝናብ መሃል ከደረስክ ዕቃህን ከሥሩ አስገብተህ፣ ቆመህ፣ ደርቀህ ነው ሌላውን የምትሠራው። በድንኳን ይሄ አይገኝም፤ ብዙዎቹን ውስጡን በዝናብ ክፍት አድርገህ ነው የምትተክላቸው።

ነፋስ ሲኖር ሸራውን ዝቅ አድርገው፣ አንዱን ክንፍ በነፋሱ በኩል እስከ መሬት አውርደው።

የኮምቦልቻው መንገደኛ፦

እሺ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተነጋገርን። ሸራ እገዛለሁ፣ ሦስት በሦስት። ሃሞኩ ድርብ ጨርቅ ያለው፣ 3 ሜትር ከ30። አረፋ ፍራሽ አለኝ። መረብ እናቴ የምትጠቀምበትን የአልጋ አጎበር ትሰጠኛለች፤ ከሥር በኩል እንዲዘጋ እሰፋዋለሁ። የጎፍና ሐይቅ በሃሞክ። አንደኛው ጓደኛዬ በሆዱ ካልሆነ አይተኛም፤ እሱ የራሱን ድንኳን ይዞ ይመጣል።

የቀረኝ አቡነ ዮሴፍ ነው።

ደላንታ ሜዳው፦

ለአቡነ ዮሴፍ አዲስ ዕቃ አትግዛ። ላሊበላ ላይ ከተራራ አስጎብኚዎች ጋር ተነጋገሩ፤ ድንኳን የሚያከራዩ አይጠፉም። በላሊበላ ዙሪያና በመቄት አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎችም ተሠርተዋል። ክፍት መሆናቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመንገዱንም ሁኔታ እንዲሁ፤ ከመነሳታችሁ ከአንድ ቀን በፊት፣ ለአካባቢው ሰው ደውላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ጭላዳውን በብዛት ታያላችሁ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ጠዋት ማልዳችሁ ከወጣችሁ፣ ዕድላችሁ ከሆነ። አይጥ አዳኝ ስለሆነ ጓሳው ውስጥ ዝቅ ብሎ ሲሄድ ነው የምታዩት። ውሻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎ የሚጨርሰው እንስሳ ነው፣ የቀረውም ጥቂት ነው።

የየጎፍ አዛውንት፦

ልጄ፣ ሃሞኩን መጀመሪያ ግቢህ ውስጥ አስረህ አንድ ሌሊት እደርበት። ጨለማ ውስጥ መፍታትና ማሰሩን እጅህ ይልመደው። የጎፍ ስትመጡ ጊዜ ወስዳችሁ ኑ። በዚያ ጊዜ 12 ሰዓት ሲል ይጨልማል፤ ደን ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። 10 ሰዓት ላይ ዛፋችሁን መርጣችሁ ጨርሱ። ውሃ ከታች ሞልታችሁ ውጡ።